አረቦኑ ጨምሯል

ባለፈው ወር የመኪናዬን ኢንሹራንስ ላሳድስ ሄጄ ነበር። መኪናዬን እንኳን ኢንሹራንስ ጸበልም አያድናት፤ ግን ግዴታ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አየችና «ጋሼ፣ አረቦኑ ዘንድሮ ትንሽ ጨምሯል» አለችኝ። ጤነኛ ሰው ቢሆን «ስንት ጨመረ?» ይል ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አመለጠኝ።

«አረቦን ግን ምን ማለት ነው?»

«ፕሪሚየም ማለት ነዋ ጋሼ።»

«እሱማ ገባኝ። ቃሉ ከየት መጣ ነው የምልሽ።»

ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ልጅቷ ግን ጨዋ ናት፤ ትንሽ አሰበች። «እኔ እንጃ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ይሆናል» አለችኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አልመጣም። ከፍየል ጠቦት ዋጋ ነው የመጣ ቢባል ይቀርባል።

ታሪኩ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ላይ አለ። ይሁዳ መንገድ ዳር ፊቷን ተሸፋፍና የተቀመጠች ሴት ያያል። የገዛ ምራቱ ትዕማር መሆኗን አላወቀም። የተስማሙበት ዋጋ አንድ የፍየል ጠቦት ነው፤ ጠቦቱ ግን አብሮት የለም። «እስክትልክልኝ መያዣ ስጠኝ» አለችው። ማኅተሙን ከነማሰሪያው፣ የያዘውንም በትር ሰጣት። በኋላ ይሁዳን ጉድ የሚያደርገው ይኸው መያዣ ነው። አማርኛው «መያዣ» ያለውን ዕብራይስጡ «ዔራቮን» ይለዋል።

የዕብራውያን ጎረቤቶች ፊንቄያውያን ነበሩ። ቋንቋቸው ከዕብራይስጥ ጋር እንደ መንታ ነው፤ ሙያቸው ደግሞ ንግድ። ግሪኮች ቃሉን ከእንደነዚህ ያሉ ነጋዴዎች አፍ ሰምተው «አራቦን» አሉት። ትርጉሙም እኛ ቀብድ የምንለው ሆነ፤ ዕቃው እስኪመጣ፣ ሒሳቡ እስኪዘጋ፣ ሻጭ እንዳይከዳ የሚጨበጥ ገንዘብ። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን የገበያ ቃል ወስዶ መንፈስ ቅዱስን የርስታችን ቀብድ ነው አለ። በመልእክቶቹ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቅሞበታል። የዛሬ ግሪኮች ደግሞ «አራቮናስ» ሲሉ መተጫጨትን፣ ቀለበት ማሰርን ማለታቸው ነው። ቴል አቪቭ ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው ደግሞ ዛሬም «ዔራቮን» ያስይዛል። በግዕዝ በኩል እኛ ጋ የደረሰው ዐረቦን መጨረሻ ላይ ለኢንሹራንስ ተሰጠ። ይሁዳ የሰጠው በትር የእኔ መኪና መድን ሆነ ማለት ነው። ማን ነው አማርኛ ቃል ያጥረዋል ያለው?

ይህንን ለእህቴ ልጅ ለዮሐንስ ነገርኩት። ነገርኩት ብዬ ተጸጸትኩ። ልጁ ቴሌግራም ላይ የሚኖር ነው። በዚያው ማታ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ሰውዬ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ግሪክኛ በሙሉ ከዕብራይስጥ የተወለደ መሆኑን «ያረጋግጣል»። በግራ የዕብራይስጥ ቃል፣ በቀኝ የግሪክ ቃል፣ መሐል ላይ ቀይ ቀስት። «ጋሼ ልክ ነበርክ!!!» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አለ።

እኔ እንደዚያ አላልኩም።

መበደርና መወለድ ይለያያሉ። ከጎረቤትህ ወንፊት ስለተዋስክ ወንድሙ አትሆንም። ቋንቋዎች ዝምድናቸው የሚታወቀው በገበያ ዕቃ ስም አይደለም፤ ከቤት በማይወጡት ቃላት ነው። በሰውነት ክፍል፣ በደም፣ በስም፣ በሞት። እኛና ዕብራይስጥ እዚህ ላይ እንተዋወቃለን። ዐይን ዓይን ነው፣ ደም ዳም ነው፣ ስም ሼም፣ ልብ ሌቭ፣ ራስ ሮሽ። ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ እናት ያሳደገቻቸው መሆናቸው ያስታውቃል። ወደ ግሪክኛ ስትሄድ ዐይን ኦፍታልሞስ፣ ደም ሃይማ፣ ስም ኦኖማ፣ ልብ ካርዲያ ይሆናል። ግሪክኛ ዘመዶቹ እነ ላቲን፣ እነ ፋርስ፣ እነ ሳንስክሪት ናቸው። ካርዲያንና ኦኖማን እዚያ ታገኛቸዋለህ።

መምሰል ብቻውን ደግሞ አታላይ ነው። በግሪክኛ አምላክ «ቴኦስ» ነው፣ በላቲን «ዴኡስ»። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች፣ ቃላቱ ተመሳሳይ፣ ትርጉሙ አንድ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ግን ሁለቱ ቃላት አይዛመዱም። የዴኡስ ዘመድ ዜውስ ነው፤ ቴኦስ ከሌላ ሥር የበቀለ ነው። ዘመዳሞች መካከል እንኳን እንዲህ ከሆነ፣ በነጭ ሰሌዳው ላይ ያለው ቀይ ቀስት ስንቱን እንዳሳሳተ አስበው።

እርግጥ የሚያጠራጥሩ አሉ። ሰባት፣ ሼቫ፣ ሴፕቴም፣ ሄፕታ። እዚህ ላይ ምሁራኑም ራሳቸውን ይቧጥጣሉ፤ እጅግ ጥንታዊ ውሰት ነው የሚሉ አሉ፣ አጋጣሚ ነው የሚሉም አሉ። ልለፈው።

እኔን የሚገርመኝ ግሪኮች የተበደሩት ቃላት ዓይነት ነው። ዝርዝሩን አንድ ላይ ስታየው የአንድ መጋዘን ቆጠራ ይመስላል። ለነገሩ መጋዘንም ነው። ማይክል ቬንትሪስ የተባለ እንግሊዛዊ አርክቴክት በ1952 እ.ኤ.አ. ከግሪኩ ባለቅኔ ከሆሜር በፊት የነበረውን የጥንት ግሪክ የሸክላ ጽላት ጽሕፈት ፈታው። ሰው ግጥም ወይም የጀግና ታሪክ ጠብቆ ነበር። የተገኘው የግምጃ ቤት ሒሳብ ነው። ስንት በግ፣ ስንት ማሰሮ ዘይት። እዚያ ውስጥ «ኩሚኖ» የሚል አለ። ከሙን ነው! የወጥ ቤታችን ከሙን። በዕብራይስጥ ካሞን፣ በግሪክኛ ኪሚኖን። «ሳሳማ» አለ፤ ሰሊጥ መሆኑ ነው። «ኪቶ» አለ፤ ኪቶን የሚባለው የግሪኮች እጀ ጠባብ፣ በዕብራይስጥ የዮሴፍ ልብስ ኩቶኔት፣ በግዕዝ ክታን የምንለው የተልባ እግር። «ኩሩሶ» አለ፤ ወርቅ ነው፣ ዕብራይስጡ ሓሩጽ። እነዚህ ሁሉ ከምሥራቅ በመርከብ የሄዱ ስሞች ናቸው። ዕቃው ስሙን ይዞ ይሄዳል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ስሙን ይዞ እንደመጣው።

ከነዚያ መርከቦች አንዱ ሰምጦ ተገኝቷል። በ1982 እ.ኤ.አ. አንድ ስፖንጅ ለቃሚ ጠላቂ በቱርክ ደቡብ ጠረፍ፣ ኡሉቡሩን አጠገብ፣ ባሕር ሥር «ጆሮ ያለው ብረት» አየሁ ብሎ ተናገረ። ጥፍጥፍ መዳብ ነበር። ሲወጣ አሥር ቶን ገደማ ሆነ፣ ቆርቆሮ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ። የዝሆን ጥርስ፣ ከአፍሪካ የሄደ ጥቁር እንጨት፣ ማሰሮ ሙሉ ሙጫ፣ ብርጭቆ። መርከቡ የሰጠመው ከ3,300 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዕቃው ሁሉ እኔ የምወደው ትንሿን ነው። እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ፣ በዝሆን ጥርስ ማጠፊያ የተያያዘ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳ። ነጋዴው ሒሳቡን የሚጽፍበት ይሆናል። ግሪኮች እንዲህ ያለውን ሰሌዳ «ዴልቶስ» ይሉታል። ቃሉ ከሴማውያን «ዴሌት» የመጣ ነው፤ በር ማለት። ሲከፈትና ሲዘጋ በር ስለሚመስል። ሰም በተቀባች ትንሽ በር ላይ «እገሌ ይህን ያህል ከሙን አለበት» ብሎ የጻፈ ሰውዬ ይታየኛል።

በሩን ካነሳን ፊደሉም አለ። ግሪኮች በ8ኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. አካባቢ ፊደልን ከፊንቄያውያን ወሰዱ። ከነስሙ። አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ፣ ዴልታ በግሪክኛ ትርጉም የላቸውም። ግሪኩን «ቤታ ምን ማለት ነው?» ብትለው «ፊደል ነዋ» ይልሃል፤ ልክ እንደ ኢንሹራንሷ ልጅ። እኛ ግን ቤት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ያልፋል። አሌፍ በሬ ነው፣ ጋሜል ግመል፣ ዳሌጥ ያው በር። የግሪኩ «ኦ» ክብ የሆነው ዐይን ስለነበረ ነው። «ዐ» የሚለው ድምፅ ከጉሮሯቸው አልወጣ ሲላቸው ፊደሉን ለአናባቢ አዋሉት። እኛም ዐን እና አን ለይተን መጥራት ስላቃተን በግሪኮች መሳቅ አያምርብንም።

አሁን ወደ ሽቶው። የማቴዎስ ወንጌል ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አመጡ ይላል። ወንጌሉ በግሪክኛ ሲነበብ ሦስቱ ስጦታዎች ክሪሶስ፣ ሊባኖስ፣ ስሚርና ናቸው። ሦስቱም መሠረታቸው ሴማዊ ነው። ክሪሶስን አይተናል። ሊባኖስ ከዕብራይስጡ ሌቮና ጋር አንድ ነው፤ ነጭ ከሚለው ሥር፤ ነጩ ሙጫ። በረዶ የለበሰው የሊባኖስ ተራራም ከዚሁ ነጭነት ነው ስሙን ያገኘው። እኛ ጋ ያለው ሉባንጃ እንኳ ከዚያው ቤት ነው፤ ዐረቦች «ሉባን ጃዊ» ያሉት፣ የጃዋ ዕጣን። ስሚርና ደግሞ የ«ሚራ» ሌላ መልክ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለችውን «ስ» ከየት እንዳመጣ እንጃ እንጂ ውስጡ ዕብራይስጡ «ሞር» ነው። ሞር ምን ማለት ነው? መራራ! መ-ረ-ረ። ኑኃሚን «ማራ በሉኝ» ያለችው፣ እስራኤላውያን ማራ ላይ ውኃ መጠጣት ያቃታቸው፣ ግራዋ ስንቀምስ ፊታችንን የምናጨማድድበት ቃል።

ግሪኮች ግን መራራነቱን አላወቁም። ስለዚህ ታሪክ ፈጠሩለት። ሚራ የምትባል የንጉሥ ልጅ ነበረች፣ ኃጢአት ሠራች፣ ዛፍ ሆነች፣ ሙጫው ዕንባዋ ነው አሉ። ከዛፏ ግንድ አዶኒስ የሚባል ቆንጆ ልጅ ተወለደ። አዶኒስን ደግሞ የት እናውቀዋለን? አዶን፣ ጌታ፤ አዶናይ፣ ጌታዬ። ግሪኮች ሁለት የሴማውያን ቃል ይዘው እናትና ልጅ አደረጓቸው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የቃሉ ትርጉም ሲጠፋ ተረት ይበቅልበታል። ደግሞ እኮ ከርቤው ራሱ የሚለቀመው እዚሁ በእኛ ቆላና በሶማሌ ምድር፣ ባሕሩን ተሻግሮም በየመን ነው። ዛፍ የሆነች የንጉሥ ልጅ እንዳለች ለቃሚው አልሰማም።

ወይን ላይ ደግሞ ማን ከማን እንደወሰደ አይታወቅም። ላቲኑ ዊኑም፣ የጆርጂያው ግቪኖ፣ የአርመኑ ጊኒ፣ ሁሉም አንድ ነው። ግን ዕብራይስጡ «ያይን» ነው፣ ግሪኩ «ኦይኖስ»። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ምንም አይመስሉም። የነጭ ሰሌዳው ሰውዬም ሳያያቸው አልፏል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ነው የጎደላቸው፤ «ወ»። ዕብራይስጥ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ «ወ»ን «የ» ያደርገዋል። ወለደ ያላድ ነው፣ ወረደ ያራድ፣ ወረሰ ያራሽ። ግሪክኛ ደግሞ «ወ»ን ጨርሶ ጣላት፤ በድሮዎቹ ጽላቶች ላይ «ዎኖ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ በኋላ ጠፋች። አማርኛችን ይዟታል። ወይን። ከመሐላቸው ቆሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይመስለኛል።

ለዮሐንስ ይህን ሳስረዳው «ስለዚህ ሁሉም ከግዕዝ ነው የመጣው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ግን በቀጣዩ ቅዳሜ ቡና ላይ መጥቶ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሺ ጋሼ፣ ምስጢርስ? ቪዲዮው ላይ ከዕብራይስጥ ነው ይላል። ሳታር ማለት መደበቅ ነው፣ ሚስታር መደበቂያ። ትርጉሙም ገጠመ፣ ድምፁም ገጠመ።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ግሪኩ «ሚስቴሪዮን» ነው፤ እነሱ ጋ መዝጋት፣ መጨፈን ከሚል ግስ ጋር ይያያዛል። የኛ ምስጢር ከየትኛው መጣ? መልሱ «ጠ» ላይ አለ። የዕብራይስጡ ሳታር በ«ተ» ነው። ከእሱ ቢመጣ ምስቲር ወይም ምስታር በሆነ። የእኛ አባቶች ግሪክኛ ሲሰሙ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። ግሪኮች ሁለት ዓይነት «ት» ነበራቸው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ትንፋሽ ያለበት። ደረቁን «ጠ» ብለው ጻፉት፣ ትንፋሽ ያለበትን «ተ»። ትራፔዛን ጠረጴዛ አሉት፣ ፔትሮስን ጴጥሮስ። ቶማስና ቴዎድሮስ ግን ትንፋሽ ስላላቸው በ«ተ» ቀሩ። ከፈለግህ ሁለቱንም በአንድ ስም ላይ እይ፤ ጢሞቴዎስ። «ጢ» ደረቁ፣ «ቴ» ትንፋሻሙ። የአክሱም ሰው ጆሮ እንዴት ያለ ጆሮ ነው! ሁሌም አይሠራም፤ ክርስቶስ በዚህ ልማድ ክርስጦስ መሆን ነበረበት። ምስጢር ግን በጣት አሻራው ግሪክ ነው። መጣ፣ ሥር ሰደደ፣ ዛሬ እንደ ሴማዊ ግስ ይረባል፤ ተመሳጠሩ፣ አመሰጠረ፣ ምስጢረኛ።

አስቂኙ ነገር ዕብራይስጥም ይህንኑ የግሪክ ቃል ተበድሮ «ሚስቶሪን» ይለዋል፣ ዛሬም በ«ተ» ይጽፈዋል፤ ሳታር ከሚለው የራሱ ቃል ጋር ስለሚመሳሰልበት። የቪዲዮው ሰውዬ ብቻውን አይደለም የተሳሳተው።

ብድሩም በአንድ አቅጣጫ አልሄደም። ከታላቁ እስክንድር በኋላ ግሪክኛ ምሥራቁን ሲያጥለቀልቀው ዕብራይስጥ በተራው ተበዳሪ ሆነ። ሳንሄድሪን፣ ያ ትልቁ የአይሁድ ሸንጎ፣ ስሙ ግሪክ ነው፤ ሲኔድሪዮን፣ አብሮ መቀመጥ። እስራኤል አገር፣ አሽዶድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። አንድ ቀን በስልክ «ናማሉ ጋ ሥራ አገኘሁ» አለችኝ፤ ወደቡ ማለቷ ነው። ናማል ግሪኩ «ሊሜን» ነው፣ ፊደሉ ተገለባብጦ። ጠበቃውን ሳኔጎር፣ ከሳሹን ካቴጎር ይላሉ፤ ሁለቱም ግሪክ። አየር አቪር ነው፤ እኛም አየር፣ ከአንድ የግሪክ ቃል። «ታዲያ የራሳቸው ምን ቀረ?» አለችኝ። ተመልሳ ደግሞ «የኛስ?» አለች።

ዮሐንስን ቅዳሜ ዕለት የሸኘሁት በራሱ ስም ነው። የዕብራይስጡ ስም ዮሓናን ነው፤ እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ። ግሪኮች «ሐ» ስለሌላቸው ዮአኔስ አሉት፣ መጨረሻው ላይ «ስ» ጨመሩበት። የእኛው ዮሐንስ «ስ»ዋን ከግሪክ ይዟል። «ሐ»ዋን ግን ከግሪክ ሊያገኛት አይችልም፤ ከሴማውያን ወገን የሆነ ጆሮ መልሶ ያስገባት ናት። አንዱ ስም ውስጥ ሁለቱም አሻራ አለ። ልጁ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ደስ አለኝ።

ማታ ቴሌግራም ላይ መልእክት መጣ። «ጋሼ ስለዛሬው በጣም አመሰግናለሁ። ዮሀንስ»።

«ሐ!» ብዬ መለስኩለት።

«ስልኬ ላይ ይቺ ናት ቶሎ የምትመጣው» አለኝ።